ዊዳሉ «ሪአክቲቭ» ሲል ስንቱ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ታክሟል። ሦስቴ ሲፕሮ፣ አንዴ ደግሞ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ወስዷል። ሰሞኑን ራሱን እያመመው፣ ድካም ድካም እያለው ተመረመረና ዊዳሉ (የታይፎይድ የደም ምርመራው) እንደገና «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም ፖዘቲቭ፣ ወጣ። ትኩሳት የለውም። በሽታው አልለቅ ያለው መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህታችን፣ መድኃኒቱን ከመጠርጠራችን በፊት ምርመራውን እንጠርጥር። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ «ኤች» የሚባለው ዓይነቱማ ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሌሎች የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚመደብበት ወገን) ዝርያዎች፣ ወባም ጭምር፣ ያንኑ ውጤት ሊያስነሱ ይችላሉ። ስለዚህ የባለቤትዎ ውጤት ዛሬ ታይፎይድ እንዳለባቸው አያረጋግጥም።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2010 መጨረሻ እስከ 2011 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተደረገ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት ይዟቸው የመጡ 270 ሕሙማን ዊዳልም የደም ካልቸርም (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ተሠራላቸው። በዊዳል 88ቱ ፖዘቲቭ ሆኑ፤ ከእነዚህ ውስጥ በካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 5 ብቻ ናቸው። ኔጋቲቭ ከሆኑት 182 ሰዎች መካከል ደግሞ ምርመራው የሳታቸው 2 ነበሩ። ካልቸርም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ከአሥር ሕሙማን አራቱን ያህል ሊስት ይችላል። ነገር ግን ያቺን 5 በእጥፍ ብናሳድጋት እንኳ ከ88ቱ አብዛኞቹ ያለ ታይፎይድ የታይፎይድ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው ናቸው። በእኛ አስተያየት ከዊዳል ውጤት ይበልጥ የሚታመነው «የለም» ሲል ነው።

ልብ ይበሉ፣ እነዚያ ሕሙማን ሁሉም ትኩሳት ነበራቸው። ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ ሲሠራ ምርመራው ከዚህም የባሰ ያሳስታል። ለባለቤትዎ ዊዳሉ ከመጀመሪያውም መታዘዝ አልነበረበትም። ራስ ምታትና ድካም ያለበት ሰው የደም ግፊቱ ይለካ፣ የደም ማነሱና ስኳሩ ይታይ፣ ዓይኑ ይመርመር፣ እንቅልፉ ይጠየቅ።

ስለ ታይፈስም አንድ ነገር እንበል። ታይፈስ በቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ዶክሲሳይክሊን ነው። ዌል ፊሊክስ የተባለው የታይፈስ ምርመራ የሚጠቀመው የታይፈስን ተህዋሲ ሳይሆን ፕሮቲየስ የተባለ የሌላ ባክቴሪያ አንቲጂን (አንቲቦዲ የሚጣበቅበት የተህዋሲ ክፍል) ስለሆነ ከዊዳል የተሻለ እምነት አይጣልበትም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ፣ ያውም አራቴ፣ መያዛቸው የማይመስል ነገር ነው።

ወደፊት እውነተኛ ትኩሳት ቢመጣ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የወባና የግርሻ ትኩሳት የደም ምርመራ ይደረግ። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈውና ታይፎይድ ከተጠረጠረ ደግሞ ካልቸር ወደሚሠራ ሆስፒታል ይሂዱ። ለአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል። ብዙ ነው ብለው አይደንግጡ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ትንሽ ከተቀዳ አምልጦ ይቀራል። አንድ የሲፕሮ ፍሬ ቀድሞ ከተዋጠም ካልቸሩ ባዶ ሊወጣ ይችላል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መጠንከር፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ መቃዠት ካለ ግን ውጤት መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የዊዳል ዋጋ ትንሽ ይመስላል። ወጪው የሚበዛው ከውጤቱ በኋላ ነው፦ መድኃኒቱ፣ መርፌ ለመወጋት መመላለሱ፣ ከሥራ መቅረቱ፣ እውነተኛው ሕመም ሳይታወቅ የሚባክነው ጊዜ። ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ እንዲታዘዙ ከመደባቸው አንቲባዮቲኮች ውስጥ ናቸው። በከንቱ ባለቁ ቁጥር በሚያስፈልጉበት ቀን አቅም ያጣሉ፤ ይህ በጣም ያሳስበናል።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ክሊኒካችን ያለው የስላይድ ዊዳል ብቻ ነው፤ ሐኪሞቹም ያዙታል። ስህተቱን እንዴት ልቀንስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ትልቁ ስህተት አንድ ትልቅ ጠብታ ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) ከአንቲጂን ጋር ቀላቅሎ፣ ረጋ ሲል «ሪአክቲቭ» ብሎ መጻፍ ነው። 80 ማይክሮ ሊትር ሴረም ከአንድ ጠብታ አንቲጂን ጋር 1:20 ቅጥነት (ዳይሉሽን) ማለት ነው፤ በዚህ መጠን ጤነኛ ሰውም ይረጋል። በዚያው ስላይድ ላይ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮ ሊትር አድርገው ይቀጥሉ፤ 1:40፣ 1:80፣ 1:160 እና 1:320 ይሆናሉ። የረጋበትን የመጨረሻ መጠን ለሁለቱ የአንቲቦዲ ዓይነቶች፣ ለ«ኦ»ም ለ«ኤች»ም፣ ለየብቻ ይጻፉ።

አንቲጂኑን ከፍሪጅ አውጥተው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ ጠርሙሱን በዝግታ ያገላብጡ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኮንትሮል በየቀኑ አብረው ይሥሩ። በአንድ ደቂቃ ያንብቡ፤ ከዘገየ ጠርዙ ይደርቅና የረጋ ይመስላል። ሕመሙ ከጀመረ ሳምንት ካልሞላው አንቲቦዲው ገና ላይወጣ ስለሚችል የሕመሙን ቀን ቁጥር ከውጤቱ ጎን ያስፍሩ። ሐኪሙ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሁለተኛ ናሙና ከላከልዎ ሁለቱን ያነጻጽሩ፤ ከ1:80 ወደ 1:320 እንደሚሆነው አራት እጥፍ ከጨመረ ያኔ ውጤቱ ክብደት አለው።