የሮማ እቴጌዎችና እንስት አማልክት በብር ሳንቲም ላይ፦ ከየት መጀመር ይሻላል?

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እየቆጠቡ እቴጌዎችና እንስት አማልክት የተቀረጹባቸውን የጥንት ሮማ የብር ሳንቲሞች መሰብሰብ እንደሚፈልጉ ጽፈው፣ ከየትኛዋ እቴጌ መጀመር እንደሚገባዎ፣ ፎርጅዱን ከእውነተኛው በምን እንደሚለዩት፣ እንዲሁም አንድ የሚያውቁት ሰው ያለ ምንም ወረቀት በርካሽ ሊሸጥልዎ ያቀረበውን ሳንቲም ቢገዙ ይሻል ወይም ቢተዉት እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚህ ነገር ብዙ ዓመት የቆየሁ በመሆኔ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

አብዛኛው ጀማሪ ከእያንዳንዷ እቴጌ አንድ አንድ ሳንቲም ለመያዝ ያቅዳል። እኔ ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱም ጉዞው ገና ከመጀመሩ የንጉሠ ነገሥቱ የትራያን ሚስት ፕሎቲና፣ እኅቱ ማርኪያና እና የእኅቱ ልጅ ማቲዲያ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የእነዚህ ብር እጅግ ውድ ነው፤ በ193 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የነገሠው የዲዲየስ ዩሊያነስ ሚስትና ልጅ ደግሞ ብርቅ ብቻ ሳይሆኑ ፎርጅድ ሠሪዎች የሚወዷቸው ናቸው። ስለዚህ እቴጌዎቹን ከመቁጠር ይልቅ አንዲቱን እቴጌ ይዘው በሳንቲሞቿ ጀርባ ላይ የሚቀያየሩትን አማልክት ቢሰበስቡ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ነገር ያያሉ፤ ዓይንዎም በአንድ ፊትና በአንድ የአጻጻፍ ስልት ላይ ስለሚሠለጥን የተሳሳተውን ነገር ቶሎ ይለያል።

ለዚህ የምመርጥልዎ ዩሊያ ዶምናን ነው። ዶምና የዛሬዋ ሆምስ በሆነችው በሶርያዋ ኤሜሳ የተወለደች የካህን ልጅ ስትሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ሚስት፣ ከእርሱ በኋላ የነገሠው የካራካላም እናት ናት። ሳንቲሟ በብዛት ስለተመታ መካከለኛ ይዞታ ያለው ዲናር (የሮማውያን ዋና የብር ሳንቲም) በአውሮፓ ገበያ እኔ እስካየሁት ድረስ ከ50 እስከ 150 ዩሮ ባለው ዋጋ ይገኛል። ዘመኑን ለማወቅም መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ በፊቷ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። “ዩሊያ ዶምና አውግ” (“አውግ” የእቴጌ ማዕረግ የሆነው “አውጉስታ” ሲያጥር ነው) የሚለው ከ193 እስከ 196፣ “ዩሊያ አውጉስታ” የሚለው ከ196 እስከ 211፣ “ዩሊያ ፒያ ፌሊክስ አውግ” የሚለው ደግሞ ከ211 እስከ 217 ነው። በመጨረሻው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ211 መጨረሻ ካራካላ ታናሽ ወንድሙን አስገደለው፤ የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ እንደሚተርከው ልጁ የሞተው በእናቱ እቅፍ ውስጥ ነው። “ፒያ ፌሊክስ”፣ ማለትም “መንፈሳዊትና ደስተኛ” የሚል ማዕረግ የተጻፈላት ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳንቲሞች ላይ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ያንን ጽሑፍ እንደ ተራ የማዕረግ ስም ማንበብ ይከብዳል።

ከጀርባ ገጾቿ ውስጥ በቅድሚያ “ቬኔሪ ቪክትር” የሚለውን ይፈልጉ። የፍቅር አምላክ ቬነስ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ክርኗን በአጭር ዓምድ ላይ አሳርፋ በአንድ እጇ ፖም፣ በሌላው የዘንባባ ዝንጣፊ ይዛለች፤ ልብሷም ከዳሌዋ በታች ወርዷል። ፖሙ የትሮያው ልዑል ፓሪስ በሰጠው የቁንጅና ፍርድ ያሸነፈችበት ነው፤ ዘንባባው የድል ምልክት ነው። ሮማውያን በትሮያው ጀግና በልጇ በአኤኔያስ በኩል ቬነስን የዘራቸው እናት አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ በእርስ በርስ ጦርነት ሥልጣን የያዘ ንጉሥ በሚስቱ ሳንቲም ላይ አሸናፊዋን ቬነስን ማስቀመጡ ለጌጥ አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ “ሴኩሊ ፌሊኪታስ” የሚለውን እመክራለሁ፤ የግብፅ አምላክ ኢሲስ እግሯን በመርከብ ጫፍ ላይ አሳርፋ ሕፃኑን ሆረስን ስታጠባ ያሳያል፤ ከአጠገቧ መቅዘፊያ አለ። ከእነዚህ ሌላ ዩኖ ከፒኮክ ጋር፣ ቬስታ፣ ችቦ የያዘችው ዲያና፣ በአንበሶች መካከል የተቀመጠችው የአማልክት እናት ሲቤሌ አሉ፤ ሁሉም በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ።

ሁለተኛው አማራጭ ታላቂቱ ፋውስቲና ናት። በ140 ስትሞት ባሏ አንቶኒነስ ፒየስ አምላክ አስብሎ አስመለካት፤ እስከ 161 ድረስ በነገሠባቸው ዓመታትም የሟች ሚስቱን ሳንቲም ማስመታቱን አላቆመም። “ዲቫ ፋውስቲና” የሚሉት ዲናሮች እጅግ የበዙትና የረከሱት በዚህ ምክንያት ነው። በጀርባቸው የእህል ዛላና ችቦ የያዘችው ኬሬስ፣ ዘላለማዊነትን የምትወክለው ኤተርኒታስ፣ ወይም ነፍሷን ወደ ሰማይ የምትወስደው ፒኮክ ይገኛሉ (ለወንዶቹ ነገሥታት ይህን የሚያደርገው ንስር ነው)። በስሟ የተሠራው ቤተ መቅደስ ዛሬም በሮማ አደባባይ ቆሟል፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሳይፈርስ ቀርቷል። የልጇ የታናሿ ፋውስቲና ሳንቲም ደግሞ በልጆች የተሞላ ነው፤ በ161 መንትያ ከወለደች በኋላ የወጣው፣ ሁለት ሕፃናት በዙፋን ላይ የተቀመጡበት ዲናር እኔ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ኋላ የነገሠው ኮሞደስ ነው።

ብዙ ሰው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ላይ ያለውን የግብር ዲናር ስለሚፈልግ ስለ እርሱም አንድ ነገር ልበል። ብዙውን ጊዜ ያ ነው ተብሎ የሚሸጠው የጢባርዮስ ዲናር ሲሆን፣ በጀርባው የተቀመጠችው ሴት እናቱ ሊቪያ ናት ይባላል። በሳንቲሙ ላይ ግን ስሟ የለም፤ የተጻፈው “ሊቀ ካህናት” የሚል የንጉሡ ማዕረግ ነው። ዋጋውን የሰቀለው የወንጌሉ ዝና ስለሆነ በጀማሪ ገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

ስለ ብሩ ጥራት አስቀድመው ቢያውቁ ቅር አይሰኙም። ኔሮን በ64 ገደማ የዲናሩን ክብደትም ንጥረ ብሩንም ቀነሰ፤ በሴቬረስ ጊዜ ብሩ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በ215 ካራካላ ያወጣው ተለቅ ያለው ሳንቲም፣ ማለትም እቴጌዋ በጨረቃ ቅርጽ ላይ የምትታይበት አንቶኒኒያነስ፣ በ260ዎቹ የጋሊየነስ ሚስት ሳሎኒና ዘመን ላይ ሲደርስ ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የሳሎኒናን ሳንቲም “ንጹሕ ብር” ብሎ የሚያቀርብልዎ ሻጭ ካለ ሌሎቹንም ቃሎቹን ይጠራጠሩ።

ፎርጅድን በተመለከተ እስከ መቶኛ ግራም የሚመዝን ሚዛንና ጥሩ አጉሊ መነጽር ከሁሉ በፊት ይግዙ። የዶምና ዲናር ብዙውን ጊዜ 3 ግራም ተኩል አይሞላም፤ ከ2 ግራም ተኩል በታች ከሆነ ግን መዳቡን በስስ ብር የሸፈነ የጥንት አጭበርባሪ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በጠርዙ ወይም በአፍንጫዋ ላይ ብሩ ተልጦ ቀይ ነገር ብቅ ካለ ጥርጣሬው እውነት ነው። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ፎርጅድ ፊደሎቹ ሳሙና የነካቸው ይመስላሉ፤ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር፣ ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ባዶ ቦታም ላይ የአየር ቀዳዳ ይታያል። በመዶሻ የተመታ ሳንቲም ግን ጠርዙ መሰንጠቁ የተለመደ ስለሆነ ስንጥቅ አያስደንግጥዎ። ከሁሉ የሚያስተማምነው ማስረጃ መንትያ ማግኘት ነው፤ ጭረቱ፣ ምስሉ ከመሃል የወጣበት ልክና የጠርዙ ስንጥቅ ሁሉ አንድ የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች ካዩ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው። አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማርያ ትሬዛን ጌጥ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይመረምሩ እንደነበረው፣ እዚህም የፀጉሯን ሞገድ መስመር በመስመር ማየት ይለምዱ። ለማነጻጸሪያ የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ያዘጋጀው “ኦክሬ” የተባለው የኢንተርኔት ማውጫ ክፍያ የለውም። ሳንቲሙ ከጠቆረም በሎሚም ሆነ በጥርስ ሳሙና አይሹት፤ ጥቁረቱ ሲጠፋ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል፤ ሲያስቀምጡትም ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ አይክተቱት።

ወረቀት የሌለውን ሳንቲም በተመለከተ መልሴ አይግዙ ነው። ከቡልጋሪያ፣ ከሶርያና ከሌሎችም አገሮች በድብቅ ተቆፍሮ የሚወጣ ብዙ ነገር አለ፤ ሲቆፈርም የት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚናገረው ታሪክ አብሮ ይጠፋል። የአክሱም ሳንቲሞቻችን በየውጭ አገሩ ጨረታ ላይ መታየታቸው የሚያሳዝነን ሰዎች የሌላውን አገር ስንገዛ ሌላ ሚዛን ልንይዝ አይገባንም። ዩኔስኮ በ1970 ያወጣው ስምምነት በብዙ አገር ሕግ ውስጥ ስለገባ፣ ኋላ ለመሸጥ ወይም ድንበር ለማሻገር ሲያስቡም ወረቀት አልባው ሳንቲም ራስዎን ችግር ውስጥ ይጥልዎታል። ከታወቀ ነጋዴ ወይም የጨረታ ቤት ሲገዙ ደረሰኙ ላይ የሳንቲሙ ፎቶ፣ ክብደቱ፣ የቀድሞ ስብስቡ ወይም የቀድሞ ጨረታው ቀን፣ እንዲሁም ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ ገንዘብዎ እንደሚመለስ የሚገልጽ ቃል እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ ሳንቲሙ እዚያው እጁ ላይ ይቅርለት።