በተዘጋጀ ትራክ ላይ ኳየር ለምትቀርጹ ወጣቶች

ልጆቼ፣ 60 ዘማሪ በአንድ አዳራሽ አቁማችሁ ቀድሞ በተሠራ ትራክ (ማጀቢያ ሙዚቃ) ላይ ልትቀርጹ ስትነሱ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ማይክ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ዘማሪዎቹ ምን እየሰሙ ነው የሚዘምሩት እላችኋለሁ። ኳየር የሚስማማው አጠገቡ ያለውን ድምፅ እየሰማ ነው። ሁለቱንም ጆሮ በሄድፎን ከደፈናችሁበት፣ የቀረጻችሁት 60 ብቸኛ ዘማሪ ነው።

በወጣትነቴ ለሁሉም ሄድፎን አድዬ፣ ትራኩንም ክሊኩንም (ምት የሚቆጥረውን የቲክ ቲክ ድምፅ) ከፍ አድርጌ ለቀቅኩላቸው። ማታ ብቻዬን ሳዳምጥ መዝሙሩ እየከሰመ በሚያልቅበት፣ ትንፋሽ እንኳ በሚሰማበት ቦታ ላይ ቲክ፣ ቲክ ይላል። ከየጆሮው ሾልኮ ማይክ ውስጥ የገባው ክሊክ ነበር። ያን መጨረሻ ማዳን አልቻልኩም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ክሊክ የሚሰማው የኳየሩ መሪ ብቻ ነው። ዘማሪዎቹም ሄድፎን ካደረጉ በአንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ የሌላው ጆሮ የሄድፎን ክፍል ክፍቱን እንዳይቀር ጭንቅላታቸው ላይ ይለጠፋል።

ሄድፎን ካልበቃ በስፒከር ይቻላል፤ እኔማ ብዙ ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ኳየሩ፣ ጀርባውን ወደ ስፒከሩ አድርጉት። ስፒከሩን ግን አታርቁት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ዘማሪ ትራኩን 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማል፤ ዘግይቶም ይዘምራል።

ቀረጻው ሲያልቅ አታሰናብቷቸው። ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ማንም ሳይዘምር፣ ትራኩን በዚያው መጠን አንድ ጊዜ አጫውታችሁ በዚያው ማይክ ቅረጹ። የዚህን ቅጂ ፌዝ (phase) ገልብጣችሁ፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ የላዩን ወደ ታች የታቹን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከመጀመሪያው ጋር ስትደምሩት ሾልኮ የገባው ሙዚቃ በጣም ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሰው ትንሽም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻው ሚክስ (ተቀላቅሎ በሚወጣው ሥራ) የማይኖር፣ ለዘማሪዎቹ መከተያ ብቻ የተዘመረ መሪ ድምፅ ትራኩ ላይ ካለ ግን አስቀድማችሁ አውጡት፤ እሱ ሾልኮ ከገባ የሚሸፍነው የለም።

የትራኩን ፋይል የናሙና መጠንም (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚናገረውን ቁጥር) እዩ፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ ተሠርቶ ሳይቀየር በ48 ከተጫወተ ይፈጥናል፣ ቃናውም አንድ ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ተኩል ገደማ ይወጣል። ሶፕራኖዎቹ (ከፍተኛውን ድምፅ የሚዘምሩት) «ዛሬ ከፍ አለብን» ሲሏችሁ ደክመው ነው አትበሉ፤ ሄዳችሁ ፋይሉን እዩ።

ብዛት ለመጨመር በላዩ ላይ ደግማችሁ ስትቀርጹ ቦታ አቀያይሯቸው። እዚያው ቆመው ከደገሙት ያው ሰው፣ ያው ማይክ ፊት ሁለት ጊዜ ጎልቶ ይወጣል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጊዜ ያለ ትራክ ይዘምሩ። እናንተም ከኮምፒውተሩ ተነሥታችሁ መሐላቸው ቁሙና አዳምጡ። ከዚያ ትራኩን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት፤ መሪው በቃ ብሎ እጁን ሲያነሳ እዚያው ላይ ተዉት።