ወደ በረሃ የሚዛወር የእንጨት ወርክሾፕ

ጠያቂያችን ዝናብ በማይለየው አካባቢ ጠረጴዛ፣ ሣጥንና አልፎ አልፎ ጊታር በእጃቸው እየሠሩ የሚሸጡ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በቅርቡ ወርክሾፓቸውን ወደ በረሃ ያዛውራሉ። ለዓመታት ያከማቹትን ጣውላ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ፤ ሆኖም እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ምን ማድረግ እንዳለባቸውና የአዲሱን ወርክሾፕ አየር በማሽን ማርጠብ አስፈላጊ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ጣውላዎን ይዘው ይሂዱ። ነገር ግን አሁን «ደርቋል» የሚሉት እንጨት ለበረሃው ገና እርጥብ መሆኑን ከወዲሁ ይወቁ። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። የሙቀት መጠኑ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ በሆነበት ቦታ የተቀመጠ እንጨት ውሎ አድሮ 16 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ ይረጋል። አየሩ 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፤ 20 በመቶ ሲሆን ደግሞ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ ይቀረዋል።

ይህ በሚሊሜትር ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የጠረጴዛ ፊት ወስደን እንመልከት። ስፋቱ 800 ሚሊሜትር ነው፤ የጣውላዎቹን ጫፍ ሲያዩ የዕድሜ ቀለበቶቹ ከፊቱ ጋር ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እንዲህ ያለ ጣውላ፣ እንደ ዛፉ ዓይነት ቢለያይም፣ እርጥበቱ በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር ከስፋቱ ሩብ በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ከ14 በመቶ ወደ 6 በመቶ ሲወርድ ጠረጴዛው 16 ሚሊሜትር ገደማ ይጠባል። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ የሚጠበው የዚህን ግማሽ ያህል ነበር። በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንጨትን የሚሰነጥቀው መድረቁ ብቻውን ሳይሆን፣ እየጠበበ ሳለ እንዳይንቀሳቀስ በኮላና በብሎን ታስሮ መያዙ፣ ወይም ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ መድረቁ ነው።

አየሩን ስለማርጠብ ላነሡት ጥያቄ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ልጠይቅዎት፤ ሥራዎ ተሽጦ የሚኖረው የት ነው? የወርክሾፑ አየር መመሳሰል ያለበት ዕቃው ከሚኖርበት ቤት አየር ጋር ነውና። በበረሃ ብዙ ሰዎች ወርክሾፓቸውን አየርን በራሰ ንጣፍ ውስጥ እያሳለፈ በሚያቀዘቅዝ ማሽን ያቀዘቅዛሉ። ማሽኑ ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን ቤቱን በእርጥበት ይሞላዋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተስተካክሎ የተገጠመ ሣጥን፣ ኤር ኮንዲሽነር ሲሠራበት ወደሚውል ደረቅ ቤት ሲገባ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ በረሃውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስለዚህ ለቤት ዕቃ ሥራዎ ማርጠቢያ እንዲገዙ አልመክርም።

ጊታር ግን የተለየ ነው። ፊቱ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ እንጨት ሆኖ፣ ከውስጥ በኩል ቃጫውን አቋርጠው በተጣበቁ ድጋፎች ስለሚያዝ፣ ሲደርቅ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ለጊታር አንዲት ትንሽ ክፍል ለይተው አየሯን ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆዩ፤ ለገዢውም ጊታሩን በማይጫወትበት ሰዓት ማርጠቢያ ባለበት ሣጥኑ ውስጥ እንዲያስቀምጠው በጽሑፍ ይንገሩት። ማርጠቢያው ውሃን በንዝረት ወደ ጉም የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ በሥራዎ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል።

ከመጓጓዣው በፊት የእያንዳንዱን ጣውላ ሁለት ጫፎች በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይድፈኑ። እርጥበት በጫፍ በኩል የሚወጣው በጎን በኩል ከሚወጣው እጅግ ፈጥኖ ስለሆነ፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያው ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ጣውላ ካለዎት በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ በመንገድ ላይ ይሻግታል። ከዚያ በታች ያለውን ግን ጠቅልሎ መጫን ይቻላል።

ሲደርሱ ለመሥራት አይቸኩሉ። ጣውላዎቹን ፀሐይና ቀጥተኛ ነፋስ በማያገኛቸው ቦታ፣ በየመደዳው መሐል ውፍረታቸው እኩል የሆነ ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ ይደርድሯቸው፤ ከላይም ክብደት ይጫኑባቸው። ላስቲኩን በአንድ ጊዜ ከመግፈፍ ይልቅ ከጫፍና ከጫፉ እየከፈቱ ቀስ በቀስ ያንሱት። ከዚያም ከመደዳው መካከል አንዱን ጣውላ መርጠው ይመዝኑ፤ ክብደቱንና ቀኑን በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ ይጻፉ፤ በየሳምንቱም ይህንኑ ይድገሙ። የሚወጣው ውሃ ስለሆነ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ለተከታታይ ሳምንታት ለውጥ ባላሳየ ጊዜ እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እኔ ከውድ መለኪያዎች ሁሉ ይልቅ ይህን ዘዴ አምናለሁ፤ መለኪያ በእንጨቱ ዓይነትና በሙቀቱ ይለዋወጣል፣ ሚዛን ግን የወጣውን ውሃ በቀጥታ ያሳያል።

የአየሩን እርጥበት በተመለከተ፣ የአንድን ቀትር ቁጥር ብቻ አይተው አይወስኑ። በ35 ዲግሪ ሙቀት 15 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር፣ ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ወፍራም ጣውላ የሚከተለው የሳምንታቱን አማካይ ነው፤ ስስ እንጨት ግን የቀንና የሌሊቱን ለውጥም ይሰማዋል።

አሠራርዎም ከቦታው ጋር መለወጥ አለበት። የጠረጴዛን ፊት ከእግሮቹ ማሰሪያ ጋር ሲያያይዙ የብሎኑን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ ያድርጉት። በፍሬም ውስጥ የሚገባውን ገበር በኮላ ሳይይዙ በቦዩ ውስጥ እንዲንሸራተት ይተዉት፤ ቀለሙንም ከመግጠምዎ በፊት ይቀቡት፤ አለበለዚያ ሲኮማተር በጠርዙ ያልተቀባ መስመር ይታያል። የእንጨት ኮላ በደረቅና በሞቃት አየር ጣውላዎቹ ሳይገጣጠሙ ፊቱ ይደርቃል። ስለዚህ በማለዳ ይሥሩ፤ ብዙ መጋጠሚያ ያለውን ዕቃ በአንድ ጊዜ ከማጣበቅ ይልቅ ከፋፍለው ያጣብቁ፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኮላም ይምረጡ። ቫርኒሽም እንዲሁ ሳይዘረጋ ስለሚደርቅ የብሩሹን መስመር ያስቀራል፤ አምራቹ ለዚያው ቫርኒሽ ያዘጋጀውን ማዘግያ ይጨምሩበት። አሸዋ ይዞ የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ቀን ቅብ አይጀምሩ።

የመዶሻና የመጥረቢያ እጀታዎች መላላታቸው አይቀርም፤ ሽብልቃቸውን እንደገና ይምቱ።

ቀድሞ በነበሩበት ዝናባማ አካባቢ ያሉ ደንበኞችዎ ማዘዛቸውን ከቀጠሉ፣ ስሌቱ ይገለበጣል። በበረሃ የተሠራ ገበር እዚያ ሲደርስ ስለሚያብጥ፣ በቦዩ ውስጥ ክፍተት ካላገኘ የፍሬሙን ማዕዘን በርግዶ ይከፍታል። ለሩቁ ደንበኛ የሚሠሩትን ገበር፣ ለጠረጴዛው ባሳየሁዎት ስሌት መሠረት ወደፊት የሚሰፋበትን ያህል አጥብበው ይቁረጡት፤ የመሳቢያዎቹንም ከፍታ በዚያው ልክ ይቀንሱ።