የብርጭቆ ሻማዬ መሃሉን ቆፍሮ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?

አንዲት እህት ከአዲስ አበባ ጻፈችልኝ። ጠጅ የምትጥል ጎረቤቷ የሰጠቻትን ሰፈፍ (የጠጅ የንብ ሰም) አቅልጣ፣ በወንፊት አጥልላ፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣለች። ክሩ ለጧፍ የተገዛ ቀጭን ፈትል ነው። ቤቱን እንዲያውድላት ደግሞ የተወቀጠ ዕጣን ነስንሳበታለች። ሻማው ሲለኮስ ይንጣጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ነበልባሉ እያነሰ ይሄዳል፣ መሃሉን ይቆፍርና እዚያው በገዛ ሰሙ ሰምጦ ይጠፋል። ሌላኛው ሻማዋ ላዩ ተሰንጥቆ ከጠርሙሱ ተላቋል። «የንብ ሰሙን ትቼ ፓራፊን፣ ያንን የተራ ሻማ ሰም፣ ልግዛ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ አትተዪው። ሰምሽ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ክሩና ቆሻሻው ነው። ፓራፊን ብትገዢም በዚያው ክር ከሠራሽው ያው ሊሆንብሽ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ክሩ እንነጋገር፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚነደው ክሩ ይመስለናል። ዋናው የሚነደው ግን ሰሙ ነው። የቀለጠው ሰም በክሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተናል፣ ነበልባል የሚሆነው እንፋሎቱ ነው። ስለዚህ ክሩን እንደ ቱቦ አስቢው። ቱቦው ከቀጠነ በቂ ሰም አይደርሰውም፣ ነበልባሉ ያንሳል፣ ሙቀቱም ጠርዝ ድረስ አይዘልቅም። ጉድጓዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያው ፈትል ጧፍ ላይ እንዴት ያምራል ትዪኝ ይሆናል። ጧፍ ቀጭን ነው፤ ነበልባሉ የሚያቀልጠው የጣት ያህል እንኳ የማይሞላ ሰም ነው፣ አየሩም ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ያንቺ ጠርሙስ ግን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው ብለሻል፤ ያንን ሁሉ ሰም ማቅለጥ አለበት። የንብ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ የሚቀልጥ ጠንካራ ሰም ስለሆነ፣ ለብርጭቆ ሻማ ከሚሸጠው ለስላሳ ፓራፊን የበለጠ ወፍራም ክር ይፈልጋል።

ክሩ ንጹህ ጥጥ ይሁን። ጫፉን በእሳት ለኩሰሽ እይው፤ ጥጥ የወረቀት ሽታ አለው፣ አመድ ሆኖ ይረግፋል፣ ናይለን ያለበት ግን ቀልጦ ጠጥሮ ይቀራል። ከዚያ አትግመጂው፣ ጎንጉኚው። እንደ ሹሩባ በሦስት የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ነበልባሉ ዳር ላይ ይወጣና ራሱን እያቃጠለ ያጥራል። የተገመደ ክር ቀጥ ብሎ ይቆምና አናቱ ላይ ጥቁር እንጉዳይ የሚመስል ከሰል ይሠራል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ለንብ ሰም የሚሆን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጎነጎነ የጥጥ ክር አስመጪ፤ ሥራውን በጣም ያቀልልሻል።

ስንት ፈትል ልጎንጉን ብትዪኝ ቁጥሩን ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። የፈትሉ ውፍረት ከእጅ እጅ ይለያያል። ሦስት ሞክሪ። አንዱን ከሚጎነጎኑት ሦስት ዘርፎች በእያንዳንዱ አራት ፈትል፣ ሌላውን ስድስት፣ ሌላውን ስምንት አድርጊ። ተመሳሳይ ጠርሙስ፣ ተመሳሳይ ሰም፣ ክሩ ብቻ ይለያይ። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራልሽ አታውቂውም። እያንዳንዱን ክር ከመትከልሽ በፊት የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሪውና አረፋው እስኪቆም ጠብቂ፤ አረፋው በክሩ ውስጥ የተደበቀው አየር ነው። ከዚያ አውጥተሽ ቀጥ አድርገሽ ወጥሪው፣ ይድረቅ።

አሁን ወደ መንጣጣቱ እንምጣ። ሰፈፍ ጠጅ ሲጣል ላዩ ላይ ተንሳፎ የሚወጣ ሰም ስለሆነ ማር፣ የጌሾ ብናኝና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ውሃው ያንጣጣዋል፣ ብናኙ ክሩን ይደፍነዋል። ወንፊት ብቻውን አይበቃም። ንጹህ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምረሽ በቀስታ አቅልጪው፣ ሳይፈላ ትንሽ አቆይተሽ በሻሽ አጥልይው፣ ከዚያ ሳትነኪው እዚያው ውሃው ላይ ይርጋ። ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ድስቱን በፎጣ ጠቅልይው። ሲረጋ እንደ ዳቦ ይወጣል፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፍቀሽ ጣይ። ሁለት ሦስቴ ድገሚው። በመጨረሻ ያለ ውሃ አቅልጠሽ አንድ ጊዜ አጥልይው። የብረት ወይም የመዳብ ዕቃ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ የማይዝግ ድስት ይሻላል። እጣቢውን ደግሞ እባክሽ ሲንክ ውስጥ አትድፊው፣ ሰሙ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይዘጋብሻል።

ዕጣኑን ተዪው። ዱቄት የሆነ ነገር ሁሉ፣ ዕጣንም ቀረፋም፣ ወደ ክሩ ይሄድና ይደፍነዋል፤ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ደግሞ ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። የሰውነት ሽቶም አይሆንም፣ አልኮል አለው፣ ይቀጣጠላል። የንብ ሰም የራሱ የማር ጠረን አለው፣ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ የለም።

ለመሰንጠቁ ሁለት መፍትሔ አለ። የንብ ሰም ሲረጋ ይኮማተራል፤ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፣ ከጠርሙሱም ይላቀቃል። ሦስት እጅ ሰም በአንድ እጅ የኮኮናት ዘይት ብትቀላቅዪ ለስለስ ይላል፣ ጠርሙሱንም ይይዛል፣ ክሩም ይቀለዋል። 200 ሚሊ ሊትር ለሚሆን ቦታ ወደ 180 ግራም ይበቃል፤ ሰም ከውሃ ስለሚቀል። ያ ማለት 135 ግራም ሰምና 45 ግራም ዘይት ነው። ሌላው ሙቀቱ ነው። ጠርሙሱን ቀድመሽ አሙቂው፣ ደረቅ ይሁን፤ ሰሙን ስትገለብጪ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ከእሳት አውርጂውና ዕቃው ጠርዝ ላይ ስስ ቀለበት መርጋት ሊጀምር ሲል ገልብጪ። ከዚያ በካርቶን ሸፍነሽ እስከ ማግስቱ አትንኪው። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ ትኩስ ሰም ገልብጬ እጄ ላይ የተሰነጠቀብኝ ጊዜ አለ፣ ጠባሳው አሁንም ይታያል፤ ስለዚህ ይህችን ነገር አቅልለሽ አትያት። የሻይ ብርጭቆ ስስ ስለሆነ አልመክርሽም፤ ያንቺ የማርማላታ ጠርሙስ ትኩስ ነገር ለመያዝ የተሠራ ነው።

ክሩን ለማቆም ሥሩን በትንሽ ሮንዴላ አሳልፈሽ ቋጥሪው፤ ላዩን ከጠርሙሱ አፍ በሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መሃል አስረሽ ጠርሙሱ አፍ ላይ አጋድሚው። መሃል ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ክሩ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ጠርሙሱን በዚያ በኩል ያግለዋል።

ስታቀልጪ ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂ። ድስት ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ላይ ሰሙ ያለበት ዕቃ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም፤ ይህ ለኛ ጥበቃ ነው። ቢሆንም የንብ ሰም ከ85 በላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ስለዚህ እሳቱን ቀንሺ። ትተሽው አትውጪ። እሳት ከያዘ ክዳን ድፊበት፣ ቡታጋዙን አጥፊ። ውሃ በፍጹም! ውሃ ከነደደ ሰም ጋር ሲገናኝ እሳቱን ፊትሽ ላይ ይረጨዋል።

የተበላሹትን ሻማዎች አትጣያቸው። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመሽ አቅልጪ፣ ዕጣኑን በሻሽ አጥልይ፣ አዲስ ክር ትከዪ።

ሦስቱ መሞከሪያዎች ሲደርሱ ክራቸውን 5 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪና ንፋስ በሌለበት፣ መጋረጃና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ለኩሻቸው። ለ7 ሴንቲ ሜትር ጠርሙስ የቀለጠው ሰም በሦስት ሰዓት ገደማ ጠርዝ መድረስ አለበት። መብራት ሲመጣ በሃያ ደቂቃ እፍ ብለሽ አታጥፊው፤ የመጀመሪያው ማብራት ላይ ጠርዝ ካልደረሰ በሚቀጥለውም ያንኑ ቀለበት ይዞ ይቆፍራል። ከአራት ሰዓት በላይም አታብሪው። ሦስት ሰዓት ሞልቶ ጠርዝ ካልደረሰ ክሩን አወፍሪ። ነበልባሉ ረዝሞ ከተወዛወዘና ጠርሙሱን ጥላሸት ከቀባው ደግሞ አቅጥኚ። ሰሙ ሥሩ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አቁሚ፤ ከዚያ በታች እሳቱ መስታወቱን ያገኘዋል።

በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ የፈትሉን ቁጥርና የለኮስሽበትን ሰዓት ጻፊበት። ስድስቱ ሠራ ወይስ ስምንቱ፣ ላኪልኝ።