ልጁም ይታከም፣ ስፌቱም አይቅር

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ሜሪላንድ በሆስፒታል ፋርማሲ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ። «ልጃችን ታሟል፣ ሥራም አለብን፤ የምንወደውን ነገር እንተወው ይሆን?» ይላሉ። የአንዷ ሥዕል ነው፣ የሌላው ክራር። የእኔ ክዊልት ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጋጠሙ የሚሰፉት ብርድ ልብስ። አትተዉት እላቸዋለሁ። ምክንያቴ ግን ሁሉም የሚለው «ለራስሽም ጊዜ ስጪ» አይደለም።

ልጄ ሄሞፊሊያ ኤ አለበት። ፋክተር ስምንት የሚባለውና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በግምት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት አንዱ ሄሞፊሊያ ኤ ይዞ ይወለዳል። እኛ ያወቅነው ሲገረዝ ነው፤ ደሙ አልቆም አለ። በሽታው በእናት በኩል የሚተላለፍ በመሆኑ «ከማን ዘር መጣ?» የሚለው ጣት ወዲያው ወደ እኔ ተቀሰረ። ነገር ግን ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ የዘረመሉ ለውጥ አዲስ ነው። አማቶቻችሁ ካስቸገሯችሁ ይህን አስነብቧቸው።

«ደሙ የማይቆም ልጅ ባለበት ቤት መርፌና መቀስ ምን ይሠራል?» የሚሉኝም ነበሩ። መርፌ የነካው ጣት ጫን አድርገው ሲይዙት ይቆማል። የሚያስፈራው ዓይን የማያየው ነው፤ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት፣ በክርን ውስጥ የሚፈሰው፣ ከሁሉም በላይ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው። መገጣጠሚያው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ልጁ ያነክሳል። ሲደጋገም መገጣጠሚያውን እየበላ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እኔ የምቆልፍበት ያንን ክብ የጨርቅ መቁረጫ ምላጭ ብቻ ነበር፤ እሱ የጤነኛውንም ልጅ ጣት አይምርም።

ልጄ ሕፃን በነበረበት ዘመን መድኃኒቱ፣ ያ የጎደለው ፋክተር፣ በየሁለት ቀኑ በደም ሥር የሚሰጥ ነበር። ዱቄቱን ከውሃው ጋር ታገናኙታላችሁ፤ ጠርሙሱን መናጥ የለም፣ በመዳፍ መሐል ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ከዚያ ቢራቢሮ የምንላት ቀጭን መርፌ ትገባለች፣ ቱቦዋ ውስጥ ደም ብቅ ካለ ደም ሥሩን አገኛችሁ። እጄ እየለመደ ሲሄድ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ ብቻ» አለ ልጁ። «አንቺ ታውቂበታለሽ» አለ አባቱ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ወጥመዱ ይኸው ነው።

ያወጣኝ ክዊልቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ይሰፉ ነበርና እኔም ገባሁ። ቅዳሜ ደግሞ የመድኃኒት ቀን ሆኖ ሲውል ባለቤቴ ምርጫ አልነበረውም፤ መርፌውን ያዘ። ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጁም አለቀሰ። በኋላ ግን ከእኔ ይልቅ አባቱን መረጠ፤ አባቱ በረጋ እጅ እየወጋ ኳስ ያወራል። ልጁ ራሱም ካደገ በኋላ ሄሞፊሊያ ያለባቸው ልጆች በሚሄዱበት የበጋ ካምፕ ራሱን መውጋት ተማረ። እናንተ ከቤት ካልወጣችሁ ሌላው አይማርም፤ ሁሉን ብቻዋን የምታውቅ እናት ጉንፋን የያዛት ዕለት ቤቱ ይቆማል። የምትወዱት ነገር ሰዓት እየጠየቀ ሲጎትታችሁ ከቤተሰቡ እንደሰረቃችሁ አትቁጠሩት።

ሐሜቱን በሚመለከት፣ «ልጇ ታሞ እሷ ጨርቅ ትገጣጥማለች» ተብሏል፤ ደርሶኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እኩለ ቀን ሲያልፍ ግን ማንም ምንም አይልም።

በጥቅምት 1996 በፈረንጅ አቆጣጠር እነዚሁ ባልደረቦቼ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ሞል በሚባለው ሣር ሜዳ ላይ የተዘረጋውን የኤድስ መታሰቢያ ክዊልት ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። በ1987 እዚያው ሲዘረጋ 1,920 ቁራጭ ነበር፣ በዚያ ቀን ግን ሣሩን ሁሉ ሸፍኖ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ በኤድስ ለሞተ ሰው የተሰፋ፣ ስሙ የተጻፈበት ነው፤ ሦስት ጫማ በስድስት፣ የመቃብር ልክ። ከስሞቹ መሐል ሄሞፊሊያ የነበረባቸው ልጆች አሉ። ፋክተሩ ከብዙ ሺህ ሰዎች ፕላዝማ ተቀላቅሎ በሚሠራበት ዘመን አሜሪካ ውስጥ ካሉት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በኤችአይቪ ተይዘዋል። ሄሞፊሊያ የነበረበትና በኤድስ ምክንያት ትምህርት ቤት እንዳይገባ የተከለከለው የኢንዲያናው ልጅ ራያን ዋይት በ1990 ሲሞት ዕድሜው 18 ነበር። ከሰው ደም ያልተወሰደው ፋክተር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1992 መጨረሻ ነው፤ የእኔ ልጅ የተረፈው በዓመታት ልዩነት ነው። ስፌቱን ደግሞ ባለሙያ ሆኜ አየሁት፤ ጠማማ፣ በሙጫ የተለጠፈ፣ በማርከር የተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀጥታ መስመር መጨነቅ ቀረልኝ።

ለጤነኛዋ ልጄ የስፌት ጠረጴዛው ሌላ ጥቅም ነበረው። እዚያ ስለ በሽታ አይወራም። ፔዳሉን እሷ ትረግጣለች፣ ቀለም እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እታዘዛለሁ። ወንድሟ ሲገባ «ተራዬ ነው» ብላ ታስወጣዋለች። አንድ ልጅ የታመመበት ቤት ለሌላው ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ስፌት ባይሆን ሌላ ይሁን።

የምትመርጡት ሥራ መሐል ላይ ቢቋረጥ የማይበላሽ ይሁን። ለሐኪም ቤት ወረፋ ባለ ስድስት ጎን ወረቀት ላይ ጨርቅ ማጠፍ ይሻላል። ቁርጡን ቤት ጨርሳችሁ፣ ክርና መርፌውን በትንሽ ቆርቆሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስማችሁ ሲጠራ ክዳኑን መግጠም ነው። ጨርቅ አትግዙ፤ ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ይበቃል።

ዛሬ ልጄ ትልቅ ሰው ነው። በ2018 በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ እሱ ላሉ ታማሚዎች የተፈቀደውን ኤሚሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በሳምንት፣ በሁለት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። አገር ቤት ፋክተር በእርዳታ የሚጠብቁ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእነሱ ቀን የእኔን አይመስልም። ለእነሱም ቢሆን አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ለልጁ እንዳይሰጥ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ላይ በረዶ እንዲደረግ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም እንዲሮጡ ከእናትየው ሌላ አንድ ሰው ይወቅ፤ አያትም ትሁን፣ ጎረቤት።

የእናታችሁን ያረጀ ነጠላ ጥለት ማስገባት የምትፈልጉ ደግሞ ሳትቆርጡት በፊት ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር አድርጉበት። የእጅ ሽመና ስለሆነ ጫፉ ይተረተራል።