ለቪዛ የሚቀርብ መድንና በሕመም ቀን የሚደርስ መድን

ጥያቄ፦ ከ72 ዓመት እናቴ ጋር ፈረንሳይንና ጣሊያንን ለ12 ቀናት ለመጎብኘት የቪዛ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። ሰነዶቻችንን የሚያሰናዳልን የጉዞ ወኪል «የጉዞ መድኑ ለኤምባሲው ከመታየት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ርካሹን ግዙ» ብሎናል። ምክሩን ልቀበል? ሽፋኑስ ከመቼ እስከ መቼ መሆን አለበት?

መልስ፦ ወኪልዎ ቪዛው የሚያልፍበትን እንጂ እናትዎ ቢታመሙ የሚሆነውን አላሰበም። ኤምባሲው የሚጠይቀውና በሕመም ቀን የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ለየብቻ ማየት ይበጃል።

በመጀመሪያ ኤምባሲው የሚመለከተውን እንይ። የሼንገን አገሮች፣ ማለትም ፈረንሳይንና ጣሊያንን ጨምሮ በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚሰጡት እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የጋራ የቪዛ ደንብ ነው። ደንቡ በ15ኛው አንቀጹ አመልካቹ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ የሕክምና መድን እንዲኖረው ያዛል። ሽፋኑ ድንገተኛ ሕክምናንና የሆስፒታል ወጪን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር የመመለስ ወጪን እንዲሁም ሞትን ማካተት አለበት። ከዚህ ሌላ፣ መድኑ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን ይኖርበታል፤ ከእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ወዲህ ቡልጋሪያና ሮማኒያም በየብስ ድንበሮቻቸው ጭምር ሙሉ በሙሉ ስለተቀላቀሉ አገሮቹ 29 ደርሰዋል። የምስክር ወረቀቱ ላይ «ፈረንሳይ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ የሚያድሩት ፓሪስ ብቻ ቢሆንም እንኳ አይበቃም። ሻንጣ ሲጠፋ ወይም በረራ ሲሰረዝ የሚከፈል ካሳ ግን የደንቡ ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ሰው ለዚያ የሚከፍለውን ገንዘብ ለሕክምናው ሽፋን ቢያውለው እመርጣለሁ።

ቀኑን በተመለከተ፣ መድኑ የሚቆዩበትን ጊዜ በሙሉ፣ የመግቢያውንና የመውጫውን ቀን ጨምሮ፣ መሸፈን አለበት። ማመልከቻዎች ከሚጓተቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፦ አውሮፕላኑ ማታ ተነሥቶ በማግሥቱ ይደርሳል፣ ወይም የመመለሻው በረራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሆናል፣ የመድኑ ቀን ግን በአንድ ቀን ይጎድላል። የቪዛው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ከሚቆዩበት ጊዜ ሌላ 15 ቀናት ተጨምረው ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህ የጉዞው ቀን ቢሸጋሸግ ተብሎ የሚሰጥ ጊዜ ስለሆነ መድኑ እነዚያን ቀናት እንዲሸፍን አይጠበቅም። በረራ ቢዘገይ ወይም የመመለሻ ቀን ቢገፋ ሁለት ሦስት ቀን መጨመር ግን ከሚያስከፍለው ገንዘብ ይልቅ የሚያድነው ጭንቀት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። የ30,000 ዩሮው ወለል የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕክምና ሲወደድ ወለሉ ግን አልተነካም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥቂት ቀናት ማሳለፍና በሐኪም ታጅቦ በአውሮፕላን መመለስ ተደማምረው ይህን ገንዘብ ሊያልፉት ስለሚችሉ፣ ለ72 ዓመት ሰው ከፍ ያለ ሽፋን መግዛት ቅንጦት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቀደም ብሎ የነበረ ሕመም እንዲሸፈን ደንቡ አያስገድድም። ስለዚህ የእናትዎ የምስክር ወረቀት ኤምባሲውን በሚገባ አልፎ፣ ውሉ ግን የደም ግፊትንና ከእሱ የሚመጣውን ሁሉ ከሽፋን ያስወጣ ሊሆን ይችላል። የመድን ሰጪውን ሙሉ ውል፣ በተለይም «የማይሸፈኑ ጉዳዮች» የሚለውን ክፍል ያንብቡ። አንዳንድ ውሎች ሕመሙ ለተወሰነ ጊዜ የተረጋጋ ከሆነ በድንገት የሚባባስበትን ሁኔታ ይሸፍናሉ፤ ያንን በጽሑፍ ይጠይቁ። አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ) እንዲቀንስ ብሎ ሕመሙን መደበቅ ግን በኋላ ክፍያው እንዲከለከል ለመድን ሰጪው በር መክፈት ነው።

ዕድሜም ይታያል፤ ብዙ መድን ሰጪዎች ከተወሰነ ዕድሜ በላይ አረቦኑን ያሳድጋሉ ወይም ጭራሹን አይሸጡም። በተጨማሪ ከእያንዳንዱ የሕክምና ወጪ ላይ ራስዎ የሚከፍሉት የመጀመሪያ መጠን እንዳለ፣ ሆስፒታሉስ በቀጥታ ይከፈለው ወይስ እርስዎ ከፍለው በኋላ ይጠይቁ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። የድንገተኛ ጥሪ ስልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ያዙት፤ ሆስፒታል ከመተኛት በፊት፣ ሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፣ ወደዚያ ቁጥር መደወል በብዙ ውሎች ግዴታ ነው። ደረሰኞችንና የሐኪም ማስረጃዎችንም አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ቪዛው ቢከለከል ለመድኑ የከፈልኩት ይመለሳል?

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው። ሽፋኑ ሥራ ላይ ከሚውልበት ቀን በፊት የክልከላውን ደብዳቤ ላቀረበ ሰው ክፍያውን የሚመልሱ መድን ሰጪዎች አሉ፤ የአገልግሎት ክፍያ ሊቀንሱም ይችላሉ። ይህን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። የቪዛው ክፍያ ግን፣ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ የሆነው፣ ውሳኔው ምንም ቢሆን አይመለስም።

ጥያቄ፦ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ ለማመልከት ነው። ለዓመቱ ሁሉ መድን ልግዛ?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። ለማመልከቻው ለመጀመሪያው ጉዞ የሚሆን መድን በቂ ነው፤ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ለቀጣዮቹ ጉዞዎችም መድን እንደሚገዙ ተስማምተው ይፈርማሉ። ዓመታዊ መድን የሚገዙ ከሆነ በአንድ ጉዞ የሚሸፍነው የቀን ገደብ እንዳለ ልብ ይበሉ። ዓመታዊ ስለተባለ አንድን የ60 ቀን ቆይታ ሙሉውን ይሸፍናል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሼንገን አገሮች በኋላ ወደ ለንደን ለመሻገር አስቤያለሁ። እዚያም መድን ይጠይቃሉ?

መልስ፦ ብሪታንያ ለጎብኚ ቪዛ የሕክምና መድን አታስገድድም፤ አሜሪካም እንዲሁ። የካናዳ ተራ የጎብኚ ቪዛም አይጠይቅም፤ ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው «ሱፐር ቪዛ» ግን ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር ሽፋን ያለው የአንድ ዓመት መድን ይፈልጋል። አለመጠየቃቸው ግን ሕክምናውን ነፃ አያደርገውም። ብሪታንያ የሼንገን አባል ስላልሆነች፣ ለሼንገን ብቻ ተብሎ የተገዛ መድን የለንደኑን ቆይታ ላይሸፍን ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ላይ «መላው ዓለም» ወይም ብሪታንያን በስም የሚጠራ ሽፋን መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይክፈሉ።