ኡርሳ ብቻዬን ልውረድ?

ጥያቄ፦ ሰላም! በመስከረም ለስብሰባ ፖርቹጋል፣ ሊዝበን እሄዳለሁ። አንድ ትርፍ ቀን አለኝ። ጓደኛዬ ፕራያ ዳ ኡርሳ የሚባል፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው የባሕር ዳርቻ ፎቶ ላከችልኝና ልቤ እዚያው ቀረ። መንገዱ ግን ያስፈራል አሉኝ። ዋናም ብዙ አልችልም። ብቻዬን ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብሽ እህቴ! ኡርሳ በፖርቹጋልኛ ሴት ድብ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ውሃው ዳር ከቆመው ግዙፍ ድንጋይ ነው። ማዕበሉ ሲመታው ድምፁ ደረትሽ ውስጥ ይሰማሻል። ፎቶው ይህን አያሳይም።

ብቻሽን ግን አትውረጂ። ከስብሰባው አንድ ሰው አግባብተሽ ይዘሽ ሂጂ። ታች ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ሱቅ የለም፣ መጸዳጃ ቤትም የለም፤ እግርሽ ቢወለም ሮጦ ሰው የሚጠራልሽ ያስፈልግሻል። የአደጋ ስልኩ 112 ነው።

መድረሱ ቀላል ነው። ከሊዝበን ወደ ሲንትራም ወደ ካሽካይሽም ባቡር አለ፤ ከሁለቱም አውቶቡስ ይዘሽ ካቦ ዳ ሮካ ትወርጃለሽ። የዋናው አውሮፓ ምድር የመጨረሻ ምዕራባዊ ጫፍ እሱ ነው፣ ከባሕሩ 140 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ገደል። ኡርሳ ከዚያ በስተሰሜን ናት፣ በእግር ይደረሳል።

ፈተናው ቁልቁለቱ ነው። ጠጠሩ ከጫማሽ ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል፤ እኔ ስወርድ አንዳንዱን ቦታ ቁጭ ብዬ፣ ድንጋዩን በእጄ ጨብጬ ነው ያለፍኩት፣ አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልግሻል። ሰንደል በፍጹም! ዕቃሽን በጀርባሽ አዝዪ፣ ውሃ አትርሺ። ዝናብ ከጣለ ወይም ጉም ከወረደ ተዪው።

ከዚያ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት አለ። ባሕሩ ከሞላ በኋላ ሸሽቶ እስኪጨርስ ከ6 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል፤ በየቀኑ ደግሞ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ አመጣጡ ይብሳል። የዕለቱን የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ እዪና ሸሽቶ ከመጨረሱ 2 ሰዓት ያህል ቀድመሽ ድረሺ። መመለስ ሲጀምር ወደ ላይ! ለፎቶ ብለሽ የድንጋዩን ጥግ ዞረሽ አትራቂ፣ ከኋላሽ ይዘጋብሻል። ገደሉ ሥርም አትቀመጪ፣ ድንጋይ ይወርዳል።

እዚያ መዋኘቱን እርሺው። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ፣ እነሱ ኖርታዳ የሚሉት፣ የላይኛውን ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋውና ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል፤ ስለዚህ በሞቃቱ ወራት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። ሞገዱም ሰው ይጎትታል። እግርሽን ብቻ ስትነክሪም ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ። ውሃ ውስጥ መግባት ካማረሽ ጎረቤቷ አድራጋ አለች፤ መኪና ይደርሳል፣ በመዋኛው ወቅት ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው አለ። ዳርቻው ላይ የተሰቀለው የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ቀይ ከሆነ ግን እዚያም አትግቢ።